ባዶውን የሚሄድ የኮርሳ ማርሽ እጀታ፦ ሳትፈቱት እንዴት ታድኑታላችሁ

«አቦ፣ እጀታው ባዶውን ይሄዳል!» ድሬዳዋ ውስጥ ከሳቢያን የሚደውልልኝም፣ ከከዚራ የሚመጣውም፣ ሐረር ያለው ወዳጄም የሚለኝ ይህንኑ ነው። የኮርሳ ሳይክሉ የቀኝ ማርሽ መቀየሪያ ሲገፋ «ቀጭ» ማለቱን ትቷል። እጀታው ማጠፊያው እንደላላ በር ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል፤ ካቴናው ግን ካለበት ጥርስ፣ ማለትም ከጥርሳሙ ክብ ብረት፣ ንቅንቅ አይልም። ባለቤቱ ወዲያው «ተሰብሯል፣ ሌላ ልፈልግ» ይላል። አብዛኛውን ጊዜ የተሰበረ ነገር የለም፤ ውስጡ ያለው ግሪስ ደርቆ ነው። ለእያንዳንዱ ከመድገም አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው።

የምጽፈው ፍሬኑም ማርሹም በሽቦ ለሚሠራ፣ ሁለቱም በአንድ እጀታ ላይ ላሉበት፣ ከኋላ 8፣ 9 ወይም 10 ጥርስ ላለው ኮርሳ ነው። ምሳሌዬ የሺማኖ አሠራር ነው፦ ትልቁ የፍሬን እጀታ ወደ ውስጥ ሲገፋ ካቴናው ወደ ትልቁ ጥርስ ይወጣል፣ ከበስተኋላው ያለችው ትንሿ ስትገፋ ወደ ትንሹ ይወርዳል። የሌላ ዓይነት ከሆነ የእጀታዎቹ ቦታ ይለያያል እንጂ እጥበቱ ያው ነው። ፍሬኑ በዘይት የሚሠራ ከሆነ ግን ነጭ ጋዝ አታስጠጉት፤ የፍሬኑን የጎማ ቀለበቶች ያበላሻል። ማርሹ በባትሪ የሚሠራም ከሆነ ይህ ጽሑፍ አይመለከታችሁም።

ውስጡ ምን ሆኖ ነው?

በእጀታው ሆድ ውስጥ ሽቦውን የሚጠቀልል ጥርሳም መዘውር አለ። እጀታውን ስትገፉ አንዲት ትንሽ ብረት፣ እንደ በር ቁልፍ ምላስ ያለች፣ ጥርሱ ላይ ትወድቅና መዘውሩን ይዛ ታዞራለች። «ቀጭ» የሚለው ድምፅ እሷ ናት። ምላሷን ወደ ጥርሱ የሚገፋት ስፕሪንግ ከፀጉር ብዙም አይወፍርም። ግሪሱ ዓመታት ሲቆጠሩበት እንደ ሙጫ ይሆናል፤ ምላሷም እንደተነሣች ተጣብቃ ትቀራለች። ስፕሪንጓ ይህን ለማላቀቅ አቅም የላትም። እጀታው የሚይዘው ስላጣ ባዶውን ይሄዳል።

ብዙ ዓመት ጋራዥ ውስጥ ቆሞ በኋላ ወደዚህ የመጣ ሳይክል ላይ ይህ ይበዛል። ሳይነዳም ግሪስ ይደርቃል። እንዲያውም የቆመው ይብሳል።

መጀመሪያ ጥፋቱን ለዩ

እጀታው ላይ እጃችሁን ከማሳረፋችሁ በፊት ችግሩ እዚያ መሆኑን አረጋግጡ። ጤነኛ እጀታ በጋዝ አጥቦ፣ የተበጠሰ ሽቦ ግን እንዳለ ትቶ ግማሽ ቀን ያባከነ ሰው አውቃለሁ። ራሴ ነኝ።

እጀታው ሲገፋ «ቀጭ» የማይል፣ ወይም አሥር ጊዜ ተገፍቶ አንዴ ብቻ የሚይዝ ከሆነ፣ ግሪሱ ነው። «ቀጭ» እያለ ካምቢዮው (ከኋላ ካቴናውን ከጥርስ ወደ ጥርስ የሚያሻግረው ክንድ) ካልተንቀሳቀሰ ሽቦው ተበጥሷል ወይም ከብሎኑ ሥር አምልጧል። ወደ ትልቁ ጥርስ ደህና ወጥቶ ወደ ትንሹ ሲወርድ የሚዘገይ ከሆነ ደግሞ ሽቦው ሽፋኑ ውስጥ ዝጓል ወይም አቧራ ይዟል፤ ምክንያቱም ሲወጣ የእጃችሁ ጉልበት ይጎትተዋል፣ ሲወርድ ግን የሚመልሰው የካምቢዮው ስፕሪንግ ብቻ ነው። ሁሉም እየሠራ ካቴናው የሚንኳኳ ከሆነ የሽቦው ውጥረት መስተካከል አለበት፤ በቀጥታ ወደ 11ኛው ደረጃ እለፉ።

ሌላም መለያ አለ፣ ለእኛ አገር የሚመች። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ሐረር 1,900 ትጠጋለች። ቀትር ላይ ድሬ ውስጥ ደህና ሲሠራ የዋለ እጀታ፣ በማግስቱ ሐረር ላይ በማለዳው ብርድ ባዶውን ከሄደ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም። የደረቀ ግሪስ በሙቀት ይለሰልሳል፣ በብርድ ይጠነክራል። የእኔም እንዲሁ ነበር የጀመረው፦ የደንገጎን ዳገት በጠዋት ስወጣ ከባዱ ማርሽ ላይ ተቸንክሬ ቀረሁና ሳይክሉን በእግሬ ገፋሁ። ቀትር ላይ ስመለስ ምንም እንዳልሆነ ሆኖ «ቀጭ ቀጭ» ይላል።

የሚያስፈልጓችሁ

- ነጭ ጋዝ፣ ግማሽ ሊትር። ደብሊው ዲ 40 የሚባለው ስፕሬይ ከተገኘ ሥራው ይፈጥናል፤ ከጣሳው ጋር ቀጭኗ ቱቦ መኖሯን አይታችሁ ግዙ፤ ያለሷ ፈሳሹ ምላሷ ዘንድ አይደርስም።
- 10 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ሲሪንጅ ከፋርማሲ። የመርፌውን ስለት በሞረድ አደንዝዙት።
- የስፌት መኪና ዘይት። ሐረር ያላችሁ መኪና ግርግር ውረዱና አንዱን ልብስ ሰፊ ጠይቁት፣ ከየት እንደሚገዛ ያሳያችኋል።
- 4 እና 5 ቁጥር አለን ቁልፍ፣ ፒንሳ፣ የሚቆርጥ የሽቦ መቁረጫ።
- አዲስ የማርሽ ሽቦ፣ ውፍረቱ 1.2 ሚሊ ሜትር፤ ሽፋኑ ደግሞ 4 ሚሊ ሜትር። «የሳይክል ሽቦ» ብቻ ብላችሁ ከጠየቃችሁ የፍሬን ሊሰጧችሁ ይችላሉ። የፍሬን ሽቦ ይወፍራል፣ ጫፉ ላይ ያለው የብረት ራሱም ትልቅ ስለሆነ ቦታው አይገባም።
- ያረጀ የጥርስ ብሩሽ፣ ጨርቅ፣ ሁለት ሦስት ፌስታል፣ የሚንጠባጠበውን መቀበያ ጣሳ፣ ጓንት።

ከመጀመራችሁ በፊት ተጠንቀቁ

ነጭ ጋዝ ይቀጣጠላል። ከሰል የተያያዘበት፣ ዕጣን የሚጨስበት፣ ሲጋራ የሚለኮስበት በረንዳ ላይ አትሥሩ። ቡናው እስኪያልቅ ጠብቁ። ቤንዚን ደግሞ ፈጽሞ አትጠቀሙ፤ በድሬ ሙቀት እንፋሎቱ ብቻ እሳት ይጠራል።

ጋዝም ስፕሬይም የፍሬን ጎማና የቸርኬው ጠርዝ ላይ እንዳይደርስ። አንድ ጠብታ ከነካው ፍሬኑ ይንሸራተታል፤ ይህንንም የምታውቁት ቁልቁለት ላይ ስትሆኑ ነው።

እጀታውን አትፍቱት። ብሎን ታያላችሁ፣ እጃችሁ ይበላችኋል፤ ተውት። እኔ መጀመሪያ ያገኘሁትን ፈትቼ ስፕሪንጓ ፈንጥራ ወጥታ ግቢውን ሙሉ ፈልጌያታለሁ፤ እስከ ዛሬ አልተገኘችም። ውስጡ ተፈትቶ እንዲገጠም ታስቦ አልተሠራም፤ የውስጥ መለዋወጫም ለብቻው አይሸጥም።

አሠራሩ

1. አቧራውን በደረቁ አራግፉ። በጥርስ ብሩሽ እጀታውን ዙሪያውን ጥረጉ። በውኃ አትጠቡት። ከደቻቱ ወንዝ ዳር የሚነሣው ደቃቅ አሸዋ እጀታው ላይ እያለ ጋዝ ካፈሰሳችሁ፣ አሸዋውን በገዛ እጃችሁ ወደ ውስጥ አስገባችሁት ማለት ነው።

2. ሳይክሉን ስቀሉትና የፊት ጎማውን አውጡ። እኔ ግቢዬ ካለው የድሬዳዋ ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ በሁለት ገመድ አንጠለጥለዋለሁ፣ አንዱ ከኮርቻው ሥር፣ ሌላው ከመሪው አንገት። ገልብጦ በመሪው ማቆም አይሆንም፤ የምትሠሩበት እጀታ መሬት ላይ ይሆንባችኋል። የፊት ጎማው የሚወጣው ከእጀታው የሚንጠባጠበው በቀጥታ እሱ ላይ ስለሚያርፍ ነው። የፍሬን ጎማዎቹን በፌስታል ሸፍኑ።

3. ካቴናውን ትንሹ የኋላ ጥርስ ላይ አውርዱ። ፔዳሉን በእጅ እያዞራችሁ ትንሿን እጀታ ደጋግማችሁ ግፉ፣ ወርዶ እስኪያልቅ። እዚያ ሲደርስ ሽቦው ሙሉ በሙሉ ይላላል፣ የሽቦው ራስም ከመውጫው ቀዳዳ ጋር ይገጥማል። ይህን የዘለለ ሰው በኋላ ሽቦውን ማውጣት ያቅተዋል።

4. ሽቦውን ከካምቢዮው ፍቱ፣ ከእጀታው ግን ገና አታውጡት። ካምቢዮው ላይ ሽቦውን የያዘውን ብሎን በ5 ቁጥር (አዳዲሶቹ ላይ በ4) አላሉ። አሁን የሽቦውን ጫፍ በፒንሳ ይዛችሁ ወጠር አድርጉና በሌላው እጅ ትልቁን እጀታ ግፉ። «ቀጭ» እያለ ሽቦውን ከጎተተ እጀታችሁ ጤነኛ ነው፣ ጥፋቱ ከዚያ በታች ነው፤ ወደ 10 እለፉ። ካልያዘ ቀጥሉ።

5. የሽቦውን ራስ እዩ። የፍሬን እጀታውን ጨምቁ፤ ከውጭ በኩል ትንሽ ቀዳዳ ትታያለች። ሽቦውን ከታች ገፋ ስታደርጉት ራሱ ብቅ ይላል። ከራሱ አጠገብ ክሮቹ ተበታትነው እንደ መጥረጊያ ከሆኑ አሁኑኑ አውጡት፣ አንዲትም ክር ውስጥ አትቅር። ራሱ ተበጥሶ ውስጥ ከቀረ እጀታውን ከእንግዲህ አትግፉ፤ በገፋችሁ ቁጥር ክሮቹ መዘውሩ ላይ ይጠመጠማሉ። በባትሪ እያያችሁ በቀጭን ወረንጦ ልቀሙት። ሽቦው ደህና ከሆነ እዚያው ተዉት፣ ለእጥበቱ ይጠቅማል።

6. የጎማ ልባሱን ወደ ፊት ገልብጡ። ጋዝ ጎማ ያሳብጣል፤ ያበጠ ልባስ ተመልሶ ልኩ አይሆንም። ከተቻለ ጨርሶ አውጡት፣ ካልሆነ በፌስታል ጠቅልላችሁ እሰሩት። መሪው ላይ የተጠቀለለውን ቴፕም እንዲሁ።

7. እጠቡት። የሥራው ዋና ክፍል ይህ ነው፣ አትቸኩሉ። የፍሬን እጀታውን ጨምቃችሁ ያዙና ከኋላው በሚከፈተው ክፍተት ሲሪንጁን አስገቡ፤ 5 ሚሊ ሊትር ያህል ጋዝ ልቀቁ። ቀጥሎ ትንሿን እጀታ ገፍታችሁ በከፈተችው በኩል እንደዚያው። ከዚያ ሽቦውን በአንድ እጅ ወጥራችሁ ሁለቱንም እጀታዎች እየተፈራረቃችሁ 50 ጊዜ ያህል ግፉ። የሚያጥበው ጋዙ ብቻ አይደለም፤ የምላሷ መንቀሳቀስ ነው ግሪሱን ከሥር የሚፍቀው። ጋዝ አፍስሶ ዝም ብሎ የተቀመጠ ምንም አልሠራም።

የሚንጠባጠበውን ጣሳው ውስጥ እዩት። መጀመሪያ የሚወጣው ቡናማ ነው፣ ወፈር ያለ፣ እንደ ስኳር ሽሮፕ የሚጎተት። ሁለተኛው ዙር ጠቆር ብሎ ይቀጥናል። እንደገና ጋዝ፣ እንደገና 50። ብዙ ጊዜ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ዙር አንዲት ደካማ «ቀጭ» ትሰማለች፤ ወዲያው ጠፍታ ትመለሳለች። እዚህ ላይ «ዳነ!» ብላችሁ አታቁሙ። ግማሹ ግሪስ ገና ውስጥ ነው፤ ጋዙ ሲደርቅ መልሶ ይይዛታል። የሚወጣው እንደገባው ንጹሕ እስኪሆን ቀጥሉ።

አራት ዙር አልፎ ምንም ካልሰማችሁ ጋዙን ሞልታችሁ ተዉት። ድሬ ላይ ከምሳ በኋላ ጀምራችሁ ከሆነ በርጫው እስኪያልቅ ይበቃል፤ ሐረር ላይ ያድር። እጀታውን ከመሙላታችሁ በፊት ጥቂት ፀሐይ ብታስመቱትም ይረዳል፤ ጋዝ ከገባበት በኋላ ግን እሳትም ፀጉር ማድረቂያም አይጠጋውም።

8. አድርቁት። ጋዙ ሲቀር ዘይቱን ያቀጥነዋል፣ ዘይቱም አይቆይም። ጎሚስታ ዘንድ ወስዳችሁ በኮምፕሬሰር ማስነፋት ትችላላችሁ፤ ነገር ግን አየሩ ከሩቅና በቀስታ ይሁን፣ ለመኪና ጎማ በሚለቁት ኃይል ከተነፋ ስፕሪንጓን ያጣምማል። ጊዜ ካላችሁ ጥላ ውስጥ ሁለት ሰዓት አንጠልጥሉት፣ በየመሐሉ እጀታዎቹን ግፉ።

9. ዘይት ስጡት። የስፌት መኪና ዘይት፣ በዚያው በሁለቱ ክፍተት 4 ወይም 5 ጠብታ፣ ከዚያ 20 ጊዜ ያህል ግፉ። የታጠበ ብረት ያለ ዘይት ከተተወ ይበላል፤ ብዙ ዘይት ደግሞ አቧራ ይሰበስባል። የተረፈውን በጨርቅ ጥረጉ፣ ልባሱን መልሱ።

10. አዲስ ሽቦ አስገቡ። አሮጌውን በ5ኛው ደረጃ ባየነው ቀዳዳ ግፉትና አውጡት፣ አዲሱን በዚያው። ሽፋኑ ዝጎ ወይም ተሰብሮ ከሆነ እሱንም ቀይሩ። በደንብ የሚቆርጥ መቁረጫ ተጠቀሙ፤ የተጨፈለቀውን አፍ በመርፌ ክፈቱት፣ ጫፉን በሞረድ አስተካክሉ፤ አፉ ከጠበበ ሽቦው እዚያ ይፋተጋል። የፍሬን ሽፋን ለማርሽ አትጠቀሙ። የፍሬኑ ሽፋን እንደ ስፕሪንግ የተጠመጠመ ሽቦ ስለሆነ ሲጫን ያጥራል። በ10 ጥርስ ኮርሳ ላይ በአንድ «ቀጭ» የሚጎተተው ሽቦ 2.3 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ከዚህ ላይ ግማሽ ሚሊ ሜትር በሽፋኑ ከጠፋ ማርሹ አይስተካከልም።

11. ውጥረቱን አስተካክሉ። ሽቦው ካምቢዮው ውስጥ የሚገባበት ቦታ ላይ በጣት የምትዞር በርሜል አለች። እስከ መጨረሻ አስገቧትና አንድ ዙር መልሱ። ካቴናው ትንሹ ጥርስ ላይ መሆኑን አይታችሁ፣ ሽቦውን በፒንሳ ወጠር አድርጋችሁ ብሎኑን አጥብቁ። አሁን ፔዳሉን እያዞራችሁ አንድ «ቀጭ» ብቻ ስጡት። ካቴናው ወደ ሁለተኛው ጥርስ ካልወጣ ሽቦው ላልቷል፤ በርሜሏን ከኋላ ሆናችሁ ስታዩዋት ወደ ግራ ግማሽ ዙር አዙሩ። ዘሎ ሦስተኛውን ከነካ ተወጥሯል፤ ወደ ቀኝ መልሱ። ሁለተኛው ላይ ድምፅ ሳያሰማ እስኪቀመጥ ሩብ ሩብ ዙር። አንዱ ከተስተካከለ የቀሩት አብዛኛውን ጊዜ ራሳቸው ይከተላሉ።

ካምቢዮው ላይ «ኤች» እና «ኤል» የተጻፈባቸውን ሁለት ትንንሽ ብሎኖች አትንኩ። እነሱ ካቴናው ከዳር እንዳያልፍ ድንበር ናቸው እንጂ የማርሽ ማስተካከያ አይደሉም። በ«ኤል» የተጫወተ ሰው ዳገት ላይ ካቴናውን ከትልቁ ጥርስ አሳልፎ ራጂዎቹ ውስጥ ይከተዋል፤ ካምቢዮውም አብሮ ይሄዳል።

12. ሜዳ ላይ ሞክሩ። መጀመሪያ ቆማችሁ ሁለቱንም ፍሬን በኃይል ጨምቁ፤ ያው እጀታ ፍሬናችሁም ነው። ከዚያ ከዚራ ውስጥ ትራፊክ በቀለለበት ሰዓት ሁለት ዙር ንዱ፣ በየጥርሱ ወጥታችሁ ውረዱ። ከትንሹ ጥርስ እስከ ትልቁ ስትወጡ «ቀጮቹን» ቁጠሩ፦ 8 ጥርስ ካለው 7፣ 9 ካለው 8፣ 10 ካለው 9 መሆን አለበት። ደንገጎን ለሌላ ቀን ተዉት። አዲስ ሽፋን ቦታ ቦታውን ሲይዝ ሽቦው ስለሚላላ፣ ከ50 ኪሎ ሜትር ገደማ በኋላ በርሜሏን ሩብ ዙር ወደ ግራ ማዞር ሊያስፈልግ ይችላል። ይህ ሲሆን እጀታው እንደገና የተበላሸ የሚመስላቸው አሉ።

የሚደጋገሙ ስህተቶች

ትልቁ የምግብ ዘይት ነው። «ዘይት ዘይት ነው» ይላሉ፤ አይደለም። የምግብ ዘይት ከአየር ጋር ሲቆይ እንደ መጥበሻ ጠርዝ ይጣበቃል፣ ከቀድሞው ግሪስ የባሰ ሙጫ ይሆናል። እንዲህ ያለውን እጀታ ለማጠብ ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል።

የመኪና ግሪስ በጣት ጠቅጥቆ መመለስም አለ፤ ያቺ ፀጉር የምታህል ስፕሪንግ ያን ወፍራም ግሪስ ገፍታ ምላሷን ጥርሱ ላይ ማድረስ አትችልም። ስፕሬይ ብቻ ነፍቶ መንዳትም አይበቃም፤ ያጥባል እንጂ አይቆይም፣ 9ኛው ደረጃ የግድ ነው። ሌላው ደግሞ እጀታው ስላልያዘ በጉልበት መግፋት ነው። ምላሷ ተጣብቃ ሳለ በኃይል ከገፋችሁ ጥርሱን ትሸርፈዋለች፤ ያኔ በእርግጥ ይሰበራል።

ካልዳነስ

ሦስት ጊዜ ታጥቦ፣ የሚወጣው ጋዝ ንጹሕ ሆኖ፣ አሁንም አንድ ቦታ ላይ ብቻ የሚያመልጥ ከሆነ ጥርሱ ተበልቷል፤ በእጥበት አይመለስም። ሌላ እጀታ ስትፈልጉ መጀመሪያ የኋላ ጥርሶቻችሁን ቁጠሩ፤ ባለ 9 ጥርስ ካሴት (የኋላ ጥርሶቹ ስብስብ) ላይ ባለ 10 እጀታ ከገጠማችሁ የሽቦው አጎታተት ስለሚለያይ መቼም አይገጥምም። ያገለገለ ከገዛችሁ ሻጩ ፊት ትልቁንም ትንሿንም እጀታ ግፉና «ቀጩን» ስሙ። እዚያው ባዶውን ቢሄድ እንኳ ዋጋውን አስቀንሱና ውሰዱት፣ ነጭ ጋዙ ቤት አለ።

የግራው እጀታ በዚሁ መንገድ ይታጠባል። ልዩነቱ ካቴናውን ከፊት ትንሹ ጥርስ ላይ ማውረዳችሁና «ቀጩ» ሁለት ሦስት ብቻ መሆኑ ነው። ቀኙን ስታጥቡ ግራውንም እዚያው እጠቡት፤ ዕድሜያቸው እኩል ነው።